ሦስተኛዋ አትተኩስም

የቤታችን መኪና አልሄድም ያለችው በእኔ ምክንያት መሆኑን ያወቅሁት ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ግምት አልነበረም። በማሽን የተረጋገጠ ነገር ነበር።

ማሽኑ የአክስቴ ነው። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ስትሆን ከቤታችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ጋራዥ ከከፈተች ገና ብዙ አልቆየችም። ጋራዥ ይባል እንጂ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዘይት የጠገበ ወለልና አንድ ጉድጓድ ነበር። ማሽኑ ግን ማሽን ነበር። ጡብ ያህላል፤ ጥቁር ነው፤ ከሆዱ የወጣው ወፍራም ገመድ ጫፉ ላይ ጥርስ የበዛበት መሰኪያ አለው። አክስቴ ከመሪው ሥር አጎንብሳ መሰኪያውን ትሰካለች፤ ማሽኑ ጢጥ ይላል፤ ከዚያ የመኪናዋን በሽታ በፊደልና በቁጥር ያወጣዋል። ሰው እየተሰበሰበ ያይ ነበር። ለእኔ ግን ማሽኑ የሚያየው ሞተሩን ብቻ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አክስቴ ደግሞ ዕቃውን ሁሉ «እሷ» ነው የምትለው። ጎማም እሷ፣ ባትሪም እሷ፣ ብሎንም እሷ። «እቺን አጥብቃት፣ ያቺን አላላት፣ ያቺኛዋን ተዋት፣ እሷ አመሏ ነው» ስትል በአጥር በኩል የሚሰማ ሰው ሴቶች የሞሉበት ቤት ውስጥ ጠብ የተነሳ ይመስለዋል። ማሽኑን ብቻ «እሱ» ትለዋለች። «እሱ አይዋሽም» ትል ነበር፤ እጇን ሳታጸዳም አትነካውም።

መኪናዋ የታመመችው አባቴ የተሾመ ሰሞን ነው። አባቴ የውሃ መሥሪያ ቤት ውስጥ የቧንቧ መስመር ካርታ ይስል ነበር፤ ከዕለታት አንድ ቀን ራቅ ያለ ከተማ ያለ ቅርንጫፍ ኃላፊ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ እራት ላይ ወሬው ሁሉ ያ ከተማ ሆነ። ሐይቅ አለው። ሐይቁ ዳር ዛፍ የተተከለበት መንገድ አለ፤ ሰው ማታ ማታ ይንሸራሸርበታል። ከሐይቁ ነፋስ ይነሳል። የሚሰጠን ቤት መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ደረጃም አለው። እናቴ «ጥሩ ነው፣ ለልጆቹም ለውጥ ነው» ትላለች፤ አያቴ ሳህኗን እያየች «እግዜር ያለው ይሆናል» ትላለች፤ አባቴ ሁለቱንም ከሰማ በኋላ ስለ ሐይቁ እንደገና ይጀምራል። ሁላቸውም የተደሰቱ መስለውኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ለመንገዱ ሊሞክራት ሞተሩን ሲያስነሳ መኪናዋ እንደ በረደው ሰው ተንቀጠቀጠች። ከመሪው ጀርባ ብርቱካንማ መብራት በራች። አባቴ አጥፍቶ ወረደ፤ መንገዱን ተሻግሮ አክስቴን ጠራት። አክስቴ መጥታ ስታስነሳት ግን ሞተሩ እንደ ሰዓት ጸጥ ብሎ ይሠራል። መብራቷ ብቻ አልጠፋችም። ማሽኑ ተሰካ። ጢጥ አለ።

ሁላችንም ኮፋኖው ዙሪያ ቆመናል። አክስቴ የሚሰማት ሰው ስታገኝ ማስተማር ትወዳለች፤ ወደ እኛ ወደ ልጆቹ ዞረች።

«ይሄ ሞተር አራት ልጆች አሉት እንበል» አለች። «አራቱም ተራ በተራ ይተኩሳሉ። አንዷ ከሰነፈች ሦስቱ እሷን ተሸክመው ነው የሚሄዱት። ቤቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል።»

«የሰነፈችው የትኛዋ ናት?» አለ አባቴ።

አክስቴ ማሽኑን ወደ ብርሃን ዘንበል አደረገችው። «ፒ ዜሮ ሦስት መቶ ሦስት። ሦስተኛዋ ናት፣ ጋሼ። ሦስተኛዋ አትተኩስም።»

በኩሩ ወንድሜ ነው። ቀጥሎ እህቴ ናት። አራተኛው ገና መዳህ የጀመረው ማሙሽ ነው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

የሚገርመው ነገር አልተቃወምኩም። እውነት ነበርና። ጠመንጃ መተኮስ እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱን ግን እኛ ቤት ማንም አይተኩስም። የቀረው ልብስ መተኮስ ነው። ወንድሜ የራሱን ሱሪ ይተኩሳል። እህቴ የራሷንም የአባቴንም ሸሚዝ ትተኩሳለች። ማሙሽ አይተኩስም፤ እሱ ግን ሕፃን ስለሆነ ማሽኑ ምሮት ይሆናል። እኔን ካውያው አጠገብ ድርሽ እንዳትዪ ብለውኛል። ታዲያ ማሽኑ ይህን ከየት አወቀ? ደነገጥኩ፤ አከበርኩትም።

«ምን ይሻላታል?» አለ አባቴ።

«መጀመሪያ እናጸዳታለን። ካልሰማች ካንዴላዋን ነቅለን አዲስ እንተካላታለን።» አክስቴ እጇን በጨርቅ ጠረገች። «እሱም ካልሆነ በዚህ ሁኔታ ይዛችኋት አትሄዱም። እኔ ጋ ትቀራለች።»

ከዚያ ትምህርቱን ቀጠለች። ይቺ ሽቦ ብትነቀል መኪናዋ የምትስበውን አየር መለካት ያቅታታል። ያቺኛዋ ብትነቀል መሞቋንና መብረዷን አታውቅም፤ ታብዳለች። ሁሉም በጥሞና ሰሟት። እናቴ «የቷ? ይቺ?» ብላ በጣቷ አሳየች። አያቴ መነጽሯን አድርጋ ኮፋኖው ሥር አንገቷን አስገባች። አባቴ ሁለት ጊዜ አስደገማት። አክስቴ ዛሬም ስለዚያ ጠዋት ስናወራ «እንደዚያ ቀን አስተምሬ አላውቅም» ትላለች፤ ስትለው ግን ፊቷ አያምርም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት እናቴ ገላዬን አጠበችኝ። ቅዳሜ ስለነበር አራታችንም ታጥበናል፤ እኔ ግን የራሴን ብቻ ነው ያየሁት። ጆሮዬ ውስጥ፣ በጣቶቼ መሀል፣ በተረከዜ፣ አንድ ቦታ ሳይቀራት ፈተገችኝ። «በደንብ አጽጂኝ» አልኳት። እናቴ ገረማት፤ ሌላ ቀን ሳሙና ስታነሳ ነበር የምሮጠው።

አልጠቀመም። በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፤ መብራቷ በራች። አክስቴ ማሽኑን ይዛ መጣች፤ ሞተሩ በሰላም ይሠራል፤ ማሽኑ ግን ያንኑ ቁጥር አወጣ። አክስቴ «እንግዲህ አልሰማችም» አለች።

ስለዚህ መተኮስ ጀመርኩ። እናቴ የጤና ጣቢያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከሰዓት ትገባለች። አያቴ ጋደም ብላለች። ካውያውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጄ ሰካሁት። መጀመሪያ ካልሲዎቹን ሁሉ ተኮስኩ። ከዚያ ፎጣዎቹን፣ የዕቃ ማድረቂያውን፣ የአያቴን ሻሽ፣ የማሙሽን የአንገት ጨርቅ፣ የጠረጴዛውን ልብስ እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ። ሞቀኝ፤ ደስም አለኝ። የቤቱ መንቀጥቀጥ ሲቀንስ የሚሰማኝ መሰለኝ። የሚተኮስ ነገር ሲያልቅብኝ የአባቴን ጃንጥላ አመጣሁ። ጃንጥላው አልተባበረም።

እናቴን ሽታው ነው በር ላይ የተቀበላት። ካውያውን ነቀለች፤ ጃንጥላውን በመስኮት አወጣች፤ ከዚያ እኔን በትከሻዬ ይዛ ቁልቁል አየችኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየተኮስኩ።»

«ማን ተኩሺ አለሽ?»

«ሁልጊዜ እነሱ እየተሸከሙኝ እስከ መቼ?»

እናቴ መዳፏን ግንባሬ ላይ አሳረፈች። «ትኩሳት እንኳን የላትም» አለች ለራሷ።

«የለኝም» አልኳት። «ግን እየሞከርኩ ነው።»

ያን ቀን ያለ ቁጣ አስተኛችኝ። እንደዚያ በለሰለሰ እጅ መያዝ ሊለዩት ለተዘጋጁት ልጅ የሚደረግ ነገር ሆኖ ተሰማኝ። አሁን የሁለት ልጆች እናት ሆኜ ሳስበው የሆነው ይገባኛል፤ ፈርታ ነበር። ልጅ ጃንጥላ መተኮስ ሲጀምር የት እንደሚወሰድ ማንም አያውቅም።

ቀጥሎ ካንዴላው መጣ። አክስቴ አራቱንም አውጥታ ጨርቅ ላይ ደረደረቻቸው። ካንዴላ ጣት የምታህል፣ ወገቧ ነጭ ሸክላ፣ ሥሯ የጠቆረ ነገር ናት። ለእኔ ጥርስ ናት። ጥርስ ደግሞ ነበረኝ፤ የፊተኛው ከተነቃነቀ ሰንብቶ ነበር። አባቴ ከአክስቴ ጋር ቆሞ አይቶ ሲመለስ፣ እኔ ጥርሴን በምላሴ ስወዘውዝ አየኝና «ነይ እስቲ» አለ። ክር አመጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥርሴ ሲላቀቅ የተሰማኝ ሕመም ሳይሆን የሥርዓቱ ትክክለኛነት ነበር፤ መጀመሪያ ማጽዳት፣ ከዚያ ካንዴላ።

«አይዞሽ፣ አዲስ ይተካል» አለኝ አባቴ።

«አዲሱ ይተኩሳል?» አልኩት በደማ አፌ።

አባቴ ሳቀ። «እንደ መትረየስ።»

በማግስቱ መብራቷ በራች።

ከመካከላችን በጣም የተጎዳችው ግን አክስቴ ነበረች፤ ያን ጊዜ አላየሁትም። መኪናችን ጋራዧ ፊት ለፊት ኮፋኖዋን ከፍታ ትውላለች። አላፊ አግዳሚው ያያል። የማዕዘኑ ባለሱቅ «የእህቷን መኪና ያላዳነች የእኛን ታድናለች?» ማለቱ ጆሮዋ ደረሰ። ማሽኑን ለማየት ይመጡ የነበሩት ሰዎች መኪናቸውን እያዞሩ ሄዱ። ካንዴላ ቀየረች። እሳት የምታቀብለውን ቦቢና ከራሷ መኪና ነቅላ ሰጠችን። ኮዱን ታጠፋዋለች፤ ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ይውላል፤ ሲነጋ ይመለሳል። አንድ ቀን መሪው ላይ ተደፍታ «ሞተሯን ስሟት፣ ጤነኛ ናት» ስትል ሰማኋት። «እሱ ግን ታማለች ይላል። እሱ ደግሞ አይዋሽም። እንግዲህ የማላውቀው እኔ ነኝ።» እናቴ ከጎኗ ቆማ ጀርባዋን ታሻሻት ነበር። 

ማሽኑ በእርግጥም አልዋሸም። አያቴ፣ ማለትም የአባቴ እናት፣ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተር ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ገመድ ስትነቅልና ስትሰካ ኖራለች፤ በጨለማም በዳሰሳም ታውቅበታለች። ጠዋት አባቴ ጫማውን ሲያስር እሷ ንፋስ ልቀበል ብላ ትወጣና የሦስተኛዋን ሽቦ ትነቅላለች። አባቴ ያስነሳል፤ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፤ ውስጧ ያለው ኮምፒዩተርም «ሦስተኛዋ አልተኮሰችም» ብሎ ይመዘግባል። አባቴ አክስቴን ሊጠራ መንገዱን ሲሻገር አያቴ መልሳ ትሰካዋለች። አክስቴ ስትደርስ በሽታው የለም፤ ትዝታው ብቻ ነው ያለው። የማዞሪያ ቤት ሰዎች ያወሩ የነበረው ስለ አያቴ እጅ ነው፤ መስመር ስትቆርጥ ደዋዩ እንኳ የተቆረጠው በራሱ ጥፋት ይመስለው ነበር አሉ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያወቅሁት ሌላ ነው። ልንሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረን፣ ወጥ ቤቱ በር ጀርባ ሆኜ አባቴና እናቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ይዘናት ከሄድን ሙቀቱን አትችለውም» አለች እናቴ።

«ቤቱም ክፍሉ ሁለት ነው» አለ አባቴ።

«ትተናት ብንሄድስ? ሰው ምን ይላል?»

«እህትሽ አለች። ቅርብ ናት። አልፎ አልፎ ታያታለች።»

እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች። «እንዴት ብለን ነው የምንነግራት?»

እንግዲህ ጉዳዩ አለቀ። ይዘውኝ አይሄዱም፤ አክስቴ ጋ ልቀር ነው። አክስቴም በመጀመሪያው ቀን «እኔ ጋ ትቀራለች» ብላ ነበር። ጨክነው እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ መንገር ከብዷቸዋል። ስለዚህ ላቀልላቸው ወሰንኩ። የትምህርት ቤት ቦርሳዬን አራግፌ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብና የተኮስኳቸውን ካልሲዎች ከተትኩ።

የመሄጃው ቀን እሑድ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ሰው በሰው ሆነ። ሻንጣ ይወጣል፣ ፍራሽ ይታሰራል፣ ወንድሜ ገመድ ይወረውራል፣ ማሙሽ ከሰው እግር ሥር ይነሳል። አባቴ ሊያስነሳት ገባ። መኪናዋ ተነሳች፤ ተንገዳገደች፤ ጠፋች። እንደገና ሞከረ። ተነሳች፤ ሳለች፤ ጠፋች። ማንም ማንንም ለመጥራት መሄድ አላስፈለገውም፤ አክስቴ ልትሰናበተን እዚያው ቆማ ነበር። ሄዳ ማሽኑን አመጣች። ሰካችው።

ሦስት ኮድ አወጣ።

አክስቴ አነበበች፤ አጥፍታ እንደገና አነበበች። ከዚያ ኮፋኖውን ከፈተችና ለረጅም ጊዜ አጎንብሳ ቆየች። ቀና ስትል በእጇ የተነቀለ ሽቦ ይዛለች። ጎንበስ ብላ ሌላ አነሳች። ሌላም።

«ይሄ በሽታ አይደለም» አለች በዝግታ። «ይሄ ሰው ነው። ማን ነው?»

 ወንድሜ የያዘውን ገመድ ለቀቀ።

«ስንት ጊዜ ነው የመጣሁት?» አለች አክስቴ። «የራሴን ቦቢና ነቅዬ ሰጥቻለሁ። ሰው መኪናውን ይዞ እኔን ሲያይ ይዞራል። ልዘጋው ነበር፤ ነገ ልዘጋው ነበር። ማን ነው?»

ጊዜው አሁን ነው ብዬ ቦርሳዬን ተሸክሜ ወደ ፊት ወጣሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

አባቴ ከመኪናው ወረደ። «አንቺ ነሽ የነቀልሽው?»

«አይ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። የማልተኩሰው እኔ ነኝ።» ቦርሳውን አሳየሁት። «ሸክፌያለሁ። አክስቴ ጋ እቀራለሁ። እናንተ ሂዱ። ስሻል ትልከኛለች።»

ማንም አልገባውም። እናቴ ግን ካልሲዎቹ ከቦርሳው አፍ ተተኩሰው፣ ተጣጥፈው ሲታዩ አየች፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ልጅቷን ተዋት» አለች አያቴ። በሩ ላይ፣ ሻሿን አጥብቃ ቆማ ነበር። «ሦስተኛዋን የነቀልኳት እኔ ነኝ።»

«እማዬ?» አለ አባቴ።

«በየጠዋቱ እነቅላታለሁ። አንተ ልትጠራት ስትሄድ እሰካታለሁ። ዛሬ ግቢው ሰው ሞላና መሰኪያ ጊዜ አጣሁ።»

«ለምን ግን?»

«ገና የተሾምክ ሰሞን ሙቀቱን አትችለውም ስትባባሉ ሰማሁ። ሰው ምን ይላል ስትባባሉም ሰማሁ።» አያቴ ድምፅዋን አላነሳችም፤ በስልክ መስመር ላይ እንዳለች ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። «ሰው ምንም አይልም። እሷስ ምን ትላለች ያለ ግን የለም።»

«እማማ፣ እሱ እኮ ስለ እኔ ነው» አልኳት።

«አይደለም፣ ልጄ። ስለ እኔ ነው።»

«እኔ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«እኔም በጆሮዬ ነው። የማዞሪያ ጆሮ ነው ያለኝ።»

ከመካከላችን የምትቀረዋ የትኛዋ እንደሆነች በሰው ሁሉ ፊት ተከራከርን። አንዳችንም መሸነፍ አልፈለግንም። 

አክስቴ አሁንም ሽቦዎቹን እንደያዘች ነው። «እሺ እማማ፣ አንዷ የእርስዎ ናት። ሁለቱንስ ለምን ነቀሏቸው?»

አያቴ ቅር አላት። «ሁለት? እኔ ከአንድ መስመር በላይ አላቋርጥም። ሌላዋ መስመር ምን አደረገችኝ?»

 ከዚያ እናቴ መሬት መሬት እያየች «የሙቀቷ የእኔ ናት» አለች። «ዛሬ ብቻ። ሥራዬን ልለቅ ያልኩት ዓርብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንድ ቀን ብታቆየን ብዬ ነው።»

የቀረችው የአየሯ ናት። ሁላችንም ወንድሜን አየነው። «እኔ አይደለሁም» አለ። እህቴን አየን። ማሙሽን ሳይቀር አየነው። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሰዓቱን አየ፤ ጎማዋን በእግሩ ነካ አደረጋት።

«የአየሯ…» አለ።

«የአየሯ ምን?» አለች አክስቴ።

«ላላ ብትል የተሻለ ትተነፍሳለች ብዬ…»

«ጋሼ።»

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ። «አለቃ መሆን አልችልበትም። ካርታ ነው የማውቀው። ለሰው እንዲህ አድርግ ማለት አልችልም።»

አክስቴ አባቴን ካወቀችው ጀምሮ እርስዎ ነው የምትለው። ያን ቀን «አንተ» አለችው። «አንተ አፍ የለህም? እናንተ ሁላችሁ አፍ የላችሁም? ሽቦ ከመንቀል አልፈልግም ማለት ይከብዳል?»  ወንድሜ በኋላ እንደነገረኝ አባታችን ሲቆጡት ያየው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ አክስቴ ያደረገችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሽቦዎቹን መልሳ አልሰካችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «የነቀለ ይሰካል» አለች። አያቴ ቀድማ ሄደች፤ ሳታይ፣ በአንድ እጅ፣ ቀጭ አደረገችው። እናቴ ቀጥላ ገባች፤ ጥቂት ፈለገች፤ አገኘችው። አባቴ ተሳሳተ፤ አያቴ ከኋላው ሆና «ወደ ግራ» አለችው። ሲጨርሱ በሰልፍ ቆሙ። አክስቴ ኮዶቹን አጥፍታ ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ ባንዴ ተነሳች። አልተንቀጠቀጠችም። መብራቷ አልበራችም። እንደዚያ ያለ ጤነኛ ሞተር ሰምቼ አላውቅም፤ ማንም ደስ ያለው ግን አልነበረም።

ሰኞ አባቴ ሹመቱን አልቀበልም ሊል መሥሪያ ቤት ሄደ። ከመናገሩ በፊት አለቃው «መኪናህ አልሻል ስላላት ሌላ ሰው ልከናል» አለው። ተናዶ መጣ። ያልፈለገውን ከተማ ስለቀሙት ወር ሙሉ አኩርፎ ነበር፤ «ከተማዬን» እያለ ነው የሚያወራው። የአክስቴ ጋራዥ አልተዘጋም። የማዕዘኑ ባለሱቅ መኪና ሲበላሽ ይዞ መጣ፤ እሷም ማሽኑን ከመሰካቷ በፊት «መጀመሪያ ቤት ያሉትን ልጠይቅ» ትል ጀመር።

ያ ግን ከሰኞ ወዲያ ነው። እሑዱ ገና አላለቀም ነበር።

አክስቴ «መንገድ ላይ ካልሞከርኳት አላምናችሁም» ብላ ሁላችንንም አስገባችን። ሻንጣዎቹም እንደተጫኑ ናቸው። አያቴ ከፊት ተቀመጠች፤ እናቴ ማሙሽን ይዛ ከኋላ፤ አክስቴ ማሽኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፤ እኛ በቀረው ቦታ ተጠቀጠቅን። የእህቴ ክርን ጎኔ ውስጥ ነበር። አባቴ ቀስ ብሎ እየነዳ ዋናው መንገድ ላይ ወጣ። ቤቶቹ እየሳሱ ሄዱ። ማንም የት ነው የምትወስደን አላለውም።

«እማዬ» አለ አባቴ መንገዱን እያየ። «መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም» አለች አያቴ።

«አንቺስ?»

«አልፈልግም» አለች እናቴ ከኋላ።

ወንድሜን ጠየቀው፤ አልፈልግም አለ። እህቴ አልፈልግም አለች። «እኔም አልፈልግም» አለ አባቴና ብዙ ቀን ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። አያቴ ሻሿን አስተካከለች። ሸክም የወረደላቸው ሰዎች ይመስሉ ነበር።

«ሦስተኛዋን አልጠየቅካትም» አለች አክስቴ።

አባቴ በመስታወቱ ፈለገኝ። ከእህቴ ትከሻ ጀርባ አገኘኝ። «አንቺስ?»

«እኔ እፈልጋለሁ» አልኩ።

መኪናው ውስጥ ሳቁ ቆመ።

«ለምን?» አለኝ አባቴ።

«ጥሩ ነው ስላልክ።»

ትንሽ ነዳ። ከዚያ ፍሬቺያ አሳይቶ ከመንገዱ ዳር አወጣትና ቆመ። ሞተሩን አላጠፋም። ዞሮ ፊት ለፊት አየኝ።

«ምን ምን ብዬ ነበር?»

ነገርኩት። ስለ ሐይቁ ነገርኩት። ዳር ዳሩን ዛፍ ስለተተከለበት መንገድና ማታ ማታ ስለሚንሸራሸሩት ሰዎች፣ ስለ ሰፊው መስኮት፣ ስለ ደረጃው፣ እሱ ባይጠቅሳቸውም መኖር ስላለባቸው ጀልባዎች ሁሉ ነገርኩት። የወለቀው ጥርሴ ቦታ ላይ ቃሉ ሁሉ እያፏጨ ነበር የሚወጣው። ማንም አላቋረጠኝም። እናቴ ማሙሽን አቅፋ በመስኮት ታያለች፤ አክስቴ ማሽኑ ላይ እጇን ደርባ ትሰማለች።

ስጨርስ አያቴ ከፊት ወንበር ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«ነፋስ አለው ያለው፣ እውነቱን ነው?»

«አለው፣ እማማ» አልኳት። «ከሐይቁ ነው የሚመጣው።»